የአባባ ተራ

ፔትሮፓቭል፣ ሜይ 14 ቀን 2024

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለየርሜክ፣

እንዴት ነህ? የኮሪያው ሥራ በረታብህ ወይ? ብደውል ብደውል አታነሳም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሳውሌ ነገ ወደዚያ ስለምትበር፣ በእሷ እጅ ይድረስህ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወንዙ ሞልቶ ቤታችን መግባቱን ሳትሰማ አትቀርም። ውሃው ጎደለ፤ ግድግዳው ግን አልደርቅ አለ። ሻጋታው ከወለሉ ተነስቶ እስከ ቶግዣን አልጋ ወጣ። ልጅህን አስሟ ያፍናት ጀመር።

ለምድር ቤት ነዋሪዎች የደረሰን አንድ ማድረቂያ ማሽን ብቻ ነው፤ እርጥበቱን ከአየር እየመጠጠ ባልዲ ውስጥ የሚያጠራቅም። ዕጣ ስንጣጣል የመጀመሪያው ተራ ለአባትህ፣ ሁለተኛው ለእኔ ወጣ። በማግስቱ በር ስከፍት አባባ ማሽኑን ከፊት ለፊት ቤታቸው እየገፉ መጥተው ቆመዋል።

«አባባ፣ ተራው የእርስዎ ነው እኮ!»

«አታድርቂኝ ምራቴ! ግድግዳሽን አድርቂ። የልጅቷ ሳንባ ይቀድማል።»

«እንግዲያው ቤቱ እስኪደርቅ እርስዎም ከእኛ ጋር እኅቴ ቤት ይረፉ።»

«የርሜክ ድንገት ቢመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የማድረቂያው ባለሙያ ዲማ የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳችን ላይ ሰካ። «የደረቀው ላይ ላዩን ነው እንጂ ውስጡ ገና ውሃ ነው። አሁን ብናነሳው ሻጋታው ይመለሳል። ሦስት ቀን ይጨመር» አለ።

«ይጨመርላት» አሉ አባባ፣ በራቸው ላይ ቆመው፣ እያሳላቸው።

የርሜክ፣ ሳሉን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። የልጄን ትንፋሽ እያሰብኩ ዝም አልኩ። ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ግድግዳችን እንደ ደረቀ ማሽኑን እየገፋሁ ሮጥኩ። አባባ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ እርጥብ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ሐኪሙ «ሁለቱም ሳንባቸው ነው» ብሎ ራሱን ወዘወዘ። እጃቸውን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ስምህን ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

አሁን ማሽኑ የእሳቸው ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን ይሠራል። ምንጣፉን አንስተን፣ ቁም ሣጥኑን አውጥተናል። ዲማ «አሁን ምን ያስቸኩልሻል?» ቢለኝ፣ «ሰው ይቀመጥበታል» አልኩት። አጎትህ ከኮክሼታው መጥተዋል፤ አክስቶችህም አልቀሩም። ጎረቤቶች ትልልቅ ድስት ተውሰው ደጃፉ ላይ ደርድረዋል።

ቶግዣን ደህና ትተነፍሳለች። አያቷን ትጠይቀኛለች፤ ምን እንደምላት ቸግሮኛል።

አንተም ስለ አባባ በስልክ አትጠይቀኝ። ና ብቻ። አስታና አውሮፕላን ማረፊያ የአጎትህ ልጅ ይቀበልሃል፤ ቀሪውን መንገድ ብቻህን እንዳትመጣ። የዛሬ አራት ዓመት የአባባን በር ወርውረህ ዘግተህ የወጣህበትን ቁጣ እዚያው ተወው። እዚህ የሚጣላህ የለም።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልብህንም ያጽናልህ።

ሚስትህ ራውሻን