የግራ ጆሮዬ ነገር

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ከዜሮ በታች ስድስት። ደረቅ ብርድ፣ ነፋስ የለም። ለበረዶ መንሸራተቻ ተራራ በረዶ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠዋት ከየት ይመጣል?

ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ውሃን በረዶ አድርገው የሚተፉትን አሥራ አንዱንም መድፎች አስነሳን። እኔና ዶክሱ። እጅጌዬን መድፉ የሚተፋው ላይ ዘረጋሁ። በረዶው ነጥሮ ከወደቀ ደረቅ ነው፣ ከተጣበቀ ውሃ በዝቷል። ነጠረ። ዶክሱም እጅጌውን ዘርግቶ አየ። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬም የኔን እጅጌ አያምንም።

ዘንድሮ ከሴኡል አዲስ የደኅንነት አለቃ መጥታልናለች፣ ናም የምትባል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ ታሰልፈንና ጣታችንን ራሳችን ላይ ቀስረን «የራስ ቁር፣ አለ!» እያልን እንጮሃለን። ከዚያ «ጓንት፣ አለ!»። እኔ ሆዴ ላይ ቀስሬ «ቁርስ፣ የለም» አልኩ። ዶክሱ ሳቁን ሊይዝ ጓንቱን ነከሰ። እሷ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን ይሆን የምትጽፈው?

ሌላም ሕግ አላት። አንዱ መድፉ ጋ ሆኖ የውሃውን ጎማ መድፉ ላይ ይቆልፋል፣ ዞር ይልና በሬዲዮ «ቆልፌያለሁ፣ ርቄያለሁ፣ ልቀቅ» ይላል። ታች ቧንቧው ጋ ያለው ሰውዬ ያንኑ ቃል በቃል ደግሞ ነው ውሃውን የሚለቀው። ካልደገመ አይለቅም። አሁን ይሄ የሽማግሌ ሥራ ነው? እኔ እድሜዬን ሙሉ «እሺ» ብዬ ነው የሠራሁት።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ማን ያነበዋል። ግራ ጆሮዬ ካምና ጀምሮ የለም። ንፋስ ብቻ። ቀኙም መድፍ አጠገብ ሲሆን ያው ነው። ከታወቀ ወደ መንሸራተቻ ቦት ጫማ ማከራያው ያወርዱኛል። ሃያ ሦስት ዓመት ተራራ ላይ ኖሬ አሁን የእንግዳ እግር ላሽትት?

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

እራት ላይ ሚስቴ በግራዬ ተቀምጣ የሆነ ነገር አለችኝ። «እሺ» አልኩ። ደግማ የሆነ ነገር አለች። «እሺ እሺ።»

ማታ አንድ ሰዓት ላይ እኅቷ ሦስት ጋን ኪምቺ፣ በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን፣ አስጭና መጣች። እስከ ጸደይ ልትቀመጥ።

«አንተው ነህ እሺ ያልከው» አለችኝ ሚስቴ፣ በቀኜ ዞራ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ናም አሰልፋን፣ ሁሉም የተራራ ሠራተኛ ማክሰኞ ጆሮውን ይመረመራል አለች። ያላለፈ ተራራ ላይ አይወጣም።

«ዓይንስ?» አልኳት።

«ዓይንዎ ደህና ነው ጋሼ ማንቦክ። ሁሌ ሰዓቱን ሲያዩ ነው የማገኝዎት።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እስከ ማክሰኞ ያሉትን ቀናት በጣቴ ቆጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

አለፍኩ! ኧረ ማለፍ ብቻ...

የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ። «ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ» አለች ነርሷ። ምንም የለም። ላቤ መጣ። በኋላ አየኋት፤ በመስታወቱ ማዶ ድምፁን በለቀቀች ቁጥር ክርኗ ትንሽ ከፍ ይላል። ክርኑ ከፍ ሲል ተጫንኩ። ክርን፣ መጫን። ክርን፣ መጫን። ልክ የመንጠቆውን ገመድ እንደሚጠብቅ ዓሣ አጥማጅ።

ስወጣ ነርሷ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። «ሃምሳ ስምንት ዓመትዎ ነው? የሃያ ዓመት ልጅ ጆሮ ነው ያለዎት። ግራው እንዲያውም ይበልጣል።»

ትንሽ አብዝቼው ይሆን?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

አብዝቼዋለሁ።

ናም ወረቀቱን ሰው ፊት አነበበችው። ከሁሉም የተሻለ ጆሮ የጋሼ ማንቦክ ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ቧንቧው ጋ፣ ዶክሱ መድፉ ጋ። ውሃ የሚለቀው ጥሩ የሚሰማው ሰው ነው መሆን ያለበት አለች። አጨበጨቡልኝ። ጎንበስ ብዬ ምስጋና ተቀበልኩ... ሌላ ምን ላድርግ?

ወደ ላይ ስንወጣ ዶክሱ ደጋግሞ አየኝ።

«ጋሼ፣ ትናንት መኪና ማቆሚያው ጋ ጥሩምባ ስነፋብህ አልዞርክም።»

«ንቄህ ነው።»

«ሦስት ጊዜ ነፋሁ እኮ።»

«ሦስት ጊዜ ናቅሁህ።»

ሳቀ። ግን በግራዬ ይሄድ የነበረው ሰውዬ ወደ ቀኜ ዞሮ መሄድ ጀመረ። አስተዋልኩት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

ዘዴ አገኘሁ። ዶክሱ የሚለው ሁሌ አንድ ነው፤ ቆልፌያለሁ፣ ርቄያለሁ፣ ልቀቅ። ስለዚህ መስማት ለምን ያስፈልጋል? ሬዲዮው ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ ንዝረቱ ይሰማኛል፤ «እሺ» እላለሁ፣ እለቃለሁ። በቀን አርባ ጊዜ። አንድም ስህተት የለም።

«መድገም ነው እኮ ያለብህ» ይለኛል ሲወርድ።

«ብርዱ ምላሴን ያዘው።»

«ለቀልድ ግን አይያዝህም» አለና የራመን ፓስታውን ለሁለት አካፈለኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 7

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፍ።

ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ። ዘጠነኛው ቧንቧ ጋ ነበርኩ፤ ዶክሱ ከኩርባው በላይ መድፉ ጋ፣ አይታየኝም። ጎረቤት ያለው መድፍ ይጮሃል። ሬዲዮው ደረቴ ላይ ተንኮሻኮሸ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተንኮሻኮሸ። ሁለት ጊዜ። ዛሬ ቸኩሏል ብዬ አሰብኩ። «እሺ» ብዬ ከፈትኩት።

ጎማው እንደ እባብ ተነሣ። እንዲህ አይነሣም፣ ተቆልፎ ቢሆን አይነሣም። ዘጋሁት። ስንት ሰከንድ? አምስት? ስድስት? ስሮጥ ሁለቴ ወደቅሁ። ዶክሱ ከመድፉ ሦስት ሜትር ርቆ በጀርባው ተኝቷል። የጎማው ብረት ራስ አንገቱና ትከሻው መሃል መትቶታል። ውሃው ከራሱ እስከ እግሩ አርሶታል፣ ልብሱ ዓይኔ እያየ ብረት ሆነ። ካፖርቴን አውልቄ አለበስኩት፣ ላዩ ላይ ተኛሁበት፣ እንዲሞቀው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያወራኝ ነበር። በየትኛው ጆሮዬ ልስማው?

በሬዲዮ ጮህኩ፤ ናም በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ደረሰች፣ ወሰደችው። የትከሻ አጥንቱ ለሁለት ተሰብሯል። ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን... አንገት ነው እኮ።

ምን ነበር በሬዲዮው ያለኝ?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ሆስፒታል። ናምም እዚያ ነበረች፣ ደብተሯን ይዛ።

ዶክሱ ጣሪያውን እያየ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልቆልፍ ልቀቅ አልኩት» አላት።

ጻፈችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ ድምፅዋ ቀስ ብሎ፣ «ሳይቆልፍ ልቀቅ ያለ ሰው ተራራ ላይ አይመለስም። ለመጪው ዓመትም ውል አይፈረምለትም። አዝናለሁ። እንደዚያ ነው የሆነው፣ ጋሼ ማንቦክ?»

በቀኝ ጆሮዬ፣ ጥርት አድርጌ ሰማኋት። «እሺ» አልኩ። ምን ዓይነት መልስ ነው እሱ? እሷ ግን እንደ አዎ ቆጠረችው፣ ወጣች።

«ምን ብለኸኝ ነበር?» አልኩት ብቻችንን ስንቀር።

«አላስታውስም።»

ዶክሱ ውሸት አይችልበትም። የጆሮው ጫፍ ቀላ። ያውቃል። ስለ ጆሮዬ ያውቃል፣ ያለኝንም ያውቃል፣ እኔን ሊያተርፍ እንጀራውን ሰጠ። እኔ ደግሞ ተቀበልኩት። ብርቱካን ልጬለት ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ሦስተኛ ሌሊት። እንቅልፍ የለም። ለሚስቴ ነገርኳት። የምትደነግጥ መስሎኝ።

«ጆሮህን ነው የምትነግረኝ? ዓመት ሆኖኛል ካወቅሁ። እኅቴን እንዴት ያመጣኋት ይመስልሃል? በግራህ ተቀምጬ።»

ተያየን። ልስቅ ስል ቀደመችኝ።

«እኔ ባታለልኩህ ኪምቺ በላህ» አለችኝ። «አንተ ባታለልከው ሰው ተሰበረ። ሂድና ተናገር። እስክትናገር ደግሞ እዚህ ቤት እየተገላበጥክ አታስነሣን።»

እኅቷም ከወዲያኛው ክፍል «እውነቷን ነው» አለች። ያቺ ሴትዮ ጆሮዋ እንደ ድመት ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ሄድኩ። ናም አላመነችኝም። ወረቀቱን አውጥታ አሳየችኝ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ጆሮ።

«ዶክሱን ለማዳን ብለው ነው። ይገባኛል። ግን እንዲህ አይሆንም።»

«ክሊኒክ ይውሰዱኝ። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዙሩልኝ።»

ወሰደችኝ። ወንበሩ ዞረ። ነጭ ግድግዳ፣ መሃሉ ላይ አንድ የምስማር ቀዳዳ። ማዳመጫውን አደረጉልኝ፣ ቁልፉን ጨብጬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀኙ፤ አንዳንዴ የሆነ ጭል የሚል ነገር፣ ተጫንኩ። ከዚያ ግራው ተጀመረ መሰለኝ። ጠበቅሁ። የምስማሩን ቀዳዳ አየሁ። ጠበቅሁ። ትንሽ ቢመጣ ብዬ ለመንኩ... እውነቴን ነው፣ ለመንኩ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደነዘዘ። ነርሷ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው ማለቁን ያወቅሁት። ለካ አንድም ጊዜ አልተጫንኩም።

መኪና ውስጥ ናም የምትነዳው በግራዬ ነው። እንድሰማት ቀኝ ጆሮዬን ወደ እሷ አዞርኩ።

«መጀመሪያ እንዴት አለፉ?»

«በነርሷ ክርን።»

ልትስቅ ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመች።

«ዶክሱ ሞቶ ቢሆንስ? እንዲህ ሲያስቁኝ እኮ ነው የሚያናድዱኝ። ሚስቱን ሄጄ የምነግረው እኔ ነበርኩ።»

«ይቅርታ» አልኳት። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ስንደርስ የዶክሱን ገጽ ከደብተሯ ላይ ሰረዘችና በኔ ስም ጻፈችው። እያየሁ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

ቦት ማከራያ። አሥረኛ ቀኔ። የእግር ሽታ የማይለመድ ነገር ነው፣ ለሳይንስ ይመዝገብ።

ተራራው ላይ አዲስ ሕግ ወጥቷል አሉ፤ ቃል መድገም ብቻ አይበቃም፣ ቧንቧው ጋ ያለው ሰውዬ መድፉ ጋ ያለውን ሰው በዓይኑ ማየት አለበት፤ ክንዱን ከፍ ካላደረገ ውሃ የለም። ኩርባ ካለ መሃል ላይ ሦስተኛ ሰው ይቆማል። በሬዲዮ «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ ያን ቀን የሁሉንም ጎማ ብቻውን ይጠቀልላል። የመጨረሻውን ማን እንዳወጣው መጠየቅ አያስፈልግም፣ የናም ክፋት ነው። ደስ አለኝ።

ዶክሱ ከሆስፒታል ወጥቷል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳም። ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ ተኝቷል አለችኝ። ጫማው ግን በር ላይ የለም፣ ወጥቷል።

የዋሸልኝን ገልጬበት ነው የተቆጣው? ወይስ አምስት ቀን ሳልናገር ስለቆየሁ? ሁለቱም ይሆናል። ሁለቱም ልክ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 21

ዛሬ ሰው ሞልቶ ነበር። ልጆች፣ ጥንዶች፣ ከከተማ የመጡ። ቁጥር ሃያ ስድስት፣ ቁጥር ሃያ ሰባት ተኩል... ቀና ስል ሰልፉ መሃል ዶክሱ ቆሟል። ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያላናገረኝ ሰው፣ ተራውን ጠብቆ።

ተራው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እግሩን ዘረጋ። የገዛ ጫማው ማሰሪያ ተፈቷል።

«እሰርልኝ። በአንድ እጅ አይሆንልኝም።»

ተንበረከክሁ። ቀኙን አሰርኩ። ጎንበስ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሰኞ ወደ ላይ እመለሳለሁ። መሃል የሚቆመው ሰው እኔ ነኝ፣ ክንዴ እስኪድን። አንተ ግን ያን ቀን ምን እንዳልኩህ አልጠየቅከኝም።»

«ጠይቄህ ነበር። አላስታውስም አልከኝ።»

«ዋሸሁህ። እኔ ስዋሽ የምታምነኝ መቼ ነው? ደግመህ መጠየቅ ነበረብህ።»

«ምን አልከኝ?»

«‹ቆይ ጋሼ፣ አትልቀቅ፣ ጓንቴ መቆለፊያው ውስጥ ተይዟል።› ሁለት ጊዜ።»

ለስድስት ሳምንት ብዙ ነገር ስገምት ነበር። ይህን አልገመትኩም። እንዲህ ቀላል፣ እንዲህ ግልጽ። ተይዞ ነበር እኮ። ጎማው እስኪወረውረው ድረስ ሊሸሽ እንኳን አይችልም ነበር። ከኋላው ያለች ሴትዮ ሰዓቷን አየች።

«ድገመው» አለኝ።

«ዶክሱ፣ ሰው ቆሟል...»

«ይቁም። ቃል በቃል።»

ተንበርክኬ እንዳለሁ ደገምኩት። ቆይ ጋሼ፣ አትልቀቅ፣ ጓንቴ መቆለፊያው ውስጥ ተይዟል። ጓንቴ የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ዓይኔም ሞላ፣ ልጆቹ አዩኝ፣ ይዩኝ። ዶክሱ እስክጨርስ ጠበቀ። ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የግራ እግሩን ወደኔ ገፋ አደረገ።

«ይሄኛውም አለ» አለኝ።

አሰርኩለት።