የአምስቱ ወታደሮች ጥሩር

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለየዓለምወርቅ

እቴቴ፣ ልነግርሽ የፈራሁት ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀደድኩት። ስለዚህ ሰላምታውን ላስቀድም፤ እስከዚያ ድፍረት ባገኝ።

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ከፋብሪካው ስትወጪ የሚያብጠው እግርሽ ቀለለልሽ ወይ? አሁንም ቆመሽ ነው የምትሠሪው ወይስ ተቀምጠው ወደሚሰፉት አዛወሩሽ? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ሲጻፍ ይከብዳል። ደህና አይደለሁም። እማዬ፣ አባባና አክሊል ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። ክረምቱ እዚህ ገብቷል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በራችን ላይ ያለውን ድንጋይ ዘንድሮም ወሰደው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የእማዬ ስለሆነ ነው። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየሰማች አልችልም። አብራሽ የምትኖረው ኢፍቱ ፈቃዷን ጨርሳ ረቡዕ ስለምትመለስ ይህን በእሷ እጅ እልክልሻለሁ።

እንግዲህ ልናገር። ሻንጣሽ ውስጥ በነጠላ ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽውን ቀይ ከፋይ ጨርቅ ቆርጬዋለሁ። አዎ፣ ለቀለበቴ ቀን ቀሚስ ይሆነኛል ያልሽውን። ሳላስፈቅድሽ። አሁን ደግሞ ከቤታችንም ወጥቷል። ከመጀመሪያው ልንገርሽና ከዚያ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን የዓመቱን መዝጊያ በዓል ትናንት አከበረ። ድራማው ስለ ሰማዕታት ነበር፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ የጦር አለቃና አራት የሮማ ወታደሮች አሉበት። የድራማ ክፍሉ ኃላፊ ዓምሃ ልብስ የሚያከራዩትን ጠይቆ ዋጋው አልቀመስ ሲለው፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሰበሰበንና «በእጁ መሥራት የሚችል ሰው አለ?» አለ። እኔ እንደምታውቂኝ መሬት መሬቱን አየሁ። እጄን ይዛ ወደ ላይ ያነሳችው ቤዛዊት ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ አብራኝ ያደገችው። «ልዩ ትችላለች! የእሷ እጅ እኮ ጉድ ነው!» አለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ወደ ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። ስምንተኛ ክፍል ወድቄ ከቀረሁ ወዲህ ማንም «ትችላለች» ብሎኝ አያውቅም።

ዕቃ ፍለጋው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። አዲሱ ገበያ ከታክሲው መያዣ ጀርባ «ያነሱት ሁሉ ሃምሳ! ሃምሳ ሃምሳ!» እያሉ የሚሸጡትን ታውቂያቸዋለሽ። ከእነሱ አንዷ፣ ሩቅያ የምትባል፣ አሁን ሱቅ ይዛለች፤ ከሳህን እስከ ፀጉር ማስያዣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ነው። እዚያ ገብቼ የምፈልገውን መጠየቅ አቃተኝ። የራስ ቁር አለሽ ወይ ይባላል እንዴ? ጥግ ይዤ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን እያነሳሁ ጭንቅላቴ ላይ ስለካ፣ ሩቅያ ከኋላዬ መጥታ «አንቺ ልጅ፣ እሱ የሰላጣ ነው፤ ባርኔጣው በዚያ በኩል ነው!» አለችኝ። ደንግጬ «ለእናቴ ነው» አልኳት። «እናትሽ በአናቷ ነው እንዴ የምትበላው?» ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ሳህኑን ጥዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ግን ተመለስኩ፤ ልኩ እንደዚያ የሚሆን ሌላ ቦታ አጣሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ነገሩን በሹክሹክታ ስነግራት ሩቅያ መሳቋን ትታ አብራኝ መፈለግ ጀመረች። ቀይ የፕላስቲክ መጥረጊያ አወረደችልኝ። ጸጉሩን ቆርጬ በሳህኑ አናት ላይ ስተክለው የሮማ ወታደር ቁር ሆኖ ቁጭ አለ። ደረት ለሚሸፍነው ጥሩር ደግሞ ሹፌሮች መኪናቸውን ፀሐይ ላይ ሲያቆሙ መስታወቱን የሚጋርዱበትን ብርማ መከለያ አገኘሁ፤ ከሩቅ ሲያዩት ብረት ነው። ከሥሩ እንዲያጠነክረው ያን ፊደል ያለበትን፣ እየተገጣጠመ የሚነጠፍ የሕፃናት ስፖንጅ ምንጣፍ ገዛሁ። ለጋሻ ክብ ትሪ፣ ለጦር የመወልወያ እንጨት። እቴቴ፣ እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ሰው የሚያልፈውን ዕቃ ሁሉ ቆሜ አያለሁ፤ ምን ሊሆን ይችላል እያልኩ።

ቅዱን አንቺ እንዳስተማርሽኝ በጋዜጣ አወጣሁት። በአባባ ደረት ላይ ስለካው «ጦር ሜዳ ልትልኪኝ ነው?» አለኝና ሳይነቃነቅ ቆመልኝ። ማጣበቁን ያሳዩኝ ጫማ ሰፊው ጋሽ ቱሉ ናቸው። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀቢና እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ፤ ስትነኪው ጣትሽን የማይዝሽ ሲሆን አንዴ ብቻ ግጠሚና ጫኚው፤ ከቸኮልሽ በማግስቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሻል አሉኝ። ስፖንጁ እንደ ደረት እንዲጎብጥ ደግሞ ከሰል ላይ አሙቄ ጉልበቴ ላይ አጥፌ እስኪቀዘቅዝ እይዘዋለሁ። እማዬ ሽታውን ጠልታ በር ከፍታ ውጭ ትቀመጥ ነበር፤ ግን አንድ ቀን ተዪው አላለችኝም። የንጉሡን ዘውድ ቴሌቪዥን ታሽጎበት ከመጣ ነጭ ፎም ሠርቼ የሚረጭ ወርቃማ ቀለም ብነፋበት፣ ቀለሙ እንደ ስኳር አሟሟው። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በካርቶን እንደገና ሠራሁት።

የቀረኝ የጦር አለቃው ካባ ነበር። ሩቅያ ጋ ያለው ቀይ ጨርቅ ሁሉ ስስ ነው፤ ከጀርባው ሱሪ ያሳያል። አምስት ቀን ሲቀረን ሻንጣሽን ከፈትኩ። ሳልቆርጥ ትከሻው ላይ ጣል አድርጌው እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሲሞከር ግን ረዘመ፤ ልጁ እየረገጠው ሊወድቅ ሆነ። መቀሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት ዓምሃ የመርሐ ግብሩን ወረቀት ይዞ ቤት መጣ። «ልዩ፣ አልባሳትና ቁሳቁስ የሚለው ላይ ስምሽን ላስገባ?» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ግን ታውቂያለሽ፣ ሰው ቤት እንብላ ስትባዪ ጠግቤያለሁ ትያለሽ እንጂ ተነስተሽ እጅሽን አትታጠቢም። «ኧረ ስሜ አይጠራ፣ ለበረከት ነው» አልኩት። አይሆንም፣ ብዙ ደክመሻል ይለኛል፤ እኔ እንደገና እምቢ እላለሁ፤ በሦስተኛው አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን «እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ፤ ሁሉም እንዳንቺ ትሑት ቢሆን» አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። በሩ ጋ እስኪደርስ ጠበቅኩት። ዞር አላለም።

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ወታደሮቹ ሲገቡ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት «ይሄን ብረት ከየት አመጡት? እንዴት ችለው ተሸከሙት?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። መጨረሻ ላይ የመድረክ መሪው «አልባሳትና ቁሳቁስ በማዘጋጀት ያገለገሉን፣ እህታችን ቤዛዊትና ጓደኞቿ!» አለ። እኔ የተውኩት ቦታ ላይ የእሷን ስም አስገብተውበታል። እልልታው ቀለጠ። ቤዛዊት ተነስታ እጅ ነሳች። የሠራችውን ልንገርሽ፤ የመጥረጊያውን ጸጉር ስቆርጥ አንድ ቀን ይዛልኛለች። እማዬ ወደ እኔ ዞራ «ያንቺ ስም የታለ?» አለችኝ። «ስሜ አይጠራ ብዬ ነው» አልኳት። «ጎሽ የኔ ጨዋ» ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። እቴቴ፣ ጎሽ መባል እንደዚያ መርሮኝ አያውቅም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የቤዛዊት አጎት ቢኒያም ሸጎሌ ፎቶ ቤት አለው። ሰው ሲበተን መጥቶ ጥሩሩን አገላብጦ አየና ለቤዛዊት «ይሄን ሕፃናት ለብሰው ፎቶ ይነሱበታል፤ ክረምቱን እየመጣሽ ሌላም ትሠሪልኛለሽ፣ እንደ ሠራተኛ ነው የማይሽ» አላት። ዓምሃም ማስቀመጫ ቦታ ስላልነበረው ውሰደው አለው። አምስቱ ጥሩር፣ ቁሩ፣ ጋሻው፣ ያንቺም ከፋይ ሚኒባስ ላይ ተጫነ። ቆሜ አየሁ። ቤዛዊትን በቀስታ ጎትቼ «ካባው እኮ የእህቴ ነው» አልኳት። «ውይ ልዩዬ! ያኔ ብትናገሪ ምን ነበረበት? ስሜ አይጠራ ያልሽው አንቺው አይደለሽ? አሁን ሰው ፊት ምን ብዬ ላፍርሰው?» አለችኝ። አልዋሸችም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው፤ አልዋሸችም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቀች መጣች። «ማስቲሹ በአንድ በኩል ነው በሁለቱም የሚቀባው?» አለችኝ። በሁለቱም አልኳት። እስኪደርቅ ጠብቂ አልኳት። መከለያውን የት እንደገዛሁ፣ ስፖንጁን ምን ያህል እንደማሞቀው፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስትወጣ አመሰገነችኝ፤ እኔም ምንም አይደል አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በማን እንደምናደድ ሳስብ ነው የዋልኩት። ቤዛዊት ሌባ ናት ብል ይቀለኝ ነበር። ግን የተተወልኝን ቦታ እኔ ነኝ ያልተቀመጥኩበት። አንቺስ እግርሽ እያበጠ ለአለቃሽ ግድ የለም፣ እችላለሁ ያልሽው ለምንድን ነው? ከማን ነው የተማርነው? እማዬ አስተማረችን፤ እኛም ጎበዝ ተማሪዎች ነበርን። ይሄን ብቻ እንኳ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢፈትኑኝ አልወድቅም ነበር።

ስለ ከፋዩ ይቅርታ አድርጊልኝ እንድልሽ አፍራለሁ፤ ሆኖም እለምንሻለሁ። ቀለበቱ የሚታሰር ከሆነ ምን እንደምትለብሺ አላውቅም።

እማዬ በኢፍቱ ሽሮና በርበሬ ልካልሻለች፤ ሽሮው የጾም ነው፣ ከሰው ጋር አካፍዪ ብላለች። አባባ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ማደሪያችሁ ያፈሳል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ ጉንጭሽን ስሞሻል። አክሊል ፈተና ላይ ስለሆነ ሰላም በሉልኝ ብቻ ብሏል፤ ሲጨርስ ራሱ ይጽፍልሻል። ጋሽ ቱሉም ያ ሰንደል ጫማሽ ተሠርቶ ተቀምጧል ንገሪያት ብለዋል። አብረውሽ የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ።

ነገ ጠዋት ሸጎሌ እሄዳለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ነውር ነው ትለኛለች። ለቢኒያም ካባው የእህቴ ነው ብዬ እቀበለዋለሁ፤ ቀሚስ ባይሆንም ጉርድ ይወጣዋል። ከዚያ ጥሩሩን ማን እንደሠራው እነግረዋለሁ፤ ቤዛዊት አጠገቡ ብትቆምም እነግረዋለሁ። ካላመነኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ እሠራለታለሁ። ሥራውን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ከጠየቀኝ፣ ሁለተኛ እንዲለኝ ሳልጠብቅ በመጀመሪያው አዎ እላለሁ።

እህትሽ ልዩ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ