«ቧንቧው እንደገና ፈነዳ» የታየበት እሑድ

ለምወድሽ እትዬ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አዲሱ ሐኪም ያዘዘልሽ ኪኒን ፋታ ሰጠሽ ወይ? ልጅሽና ባሏ፣ ያቺ ተንኮለኛ የልጅ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኔም በደንቡ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕር ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ የእኛን ደህንነት ወደ ኋላ ላቆየውና የሆነውን ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን የምታነሳው ልጅሽ ስለሆነች ነው። አንቺ እንዲሰማሽ ስጮህ ደግሞ ቨርነን ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል።

ያንን የምስጋና በዓል አልረሳሽውም መቼም። ዌስሊ ማዕድ ላይ «የምወደው ሰው ወንድ ነው» ብሎ ሲናገር አንቺም ከጎኔ ነበርሽ። ባሌ ሹካውን አስቀምጦ ወጣ፤ የልጁ መኪና ከግቢ እስክትጠፋም አልተመለሰም። አልጮኸም፣ እጁን አላነሳም። እኔ በድብቅ እየደወልኩ፣ እሱ እንዳላወቀ እየሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ልጄ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊልም እንደሚሠራ ነግሬሻለሁ። የፊልሙን ዓይነት ግን አፍሬ ደብቄሻለሁ። የመጀመሪያው «ቧንቧው ፈነዳ» ይባላል። አንድ መልከ መልካም ቧንቧ ሠሪ የጥርስ ሐኪም ቤት ሊጠግን ይሄድና ሁለቱ ይዋደዳሉ። የጥርስ ሐኪሙም ወንድ ነው። የቀረውን ከርዕሱ ገምቺው። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ የማየው አልመሰለኝም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ የቧንቧ ሥራ አባቱ አርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ ልጁን ያሳደገበት ሙያ መሆኑ ነው። ልጁ በአባቱ የሚያላግጥ መሰለኝ።

በዚህ ወር ሁለተኛው ክፍል ሴንት ሉዊስ ከተማ በፊልም ፌስቲቫል ላይ ይታያል ተባለ። ዌስሊ ደውሎ «እማዬ፣ ብቻሽን ነይ» አለኝ። እኔም ለቨርነን ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር የጥልፍ ኤግዚቢሽን ልናይ ነው አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ጋዜጣውን ሳያወርድ «የዌስሊ ፊልም ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አይለኝም! የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ መልሼ አስቀመጥኩት። «የምን ፊልም?» አልኩ እንደ ሞኝ። «ልጅሽ የሠራው ነዋ» አለ። «ስምንት ሰዓት» አልኩ። «እንግዲያው ረፋዱ ላይ እንነሳ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ አንቺ አውራ ጎዳና ላይ ከወጣሽ ሰው ታስጨርሻለሽ» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ምን አስፈራሽ ትይኝ ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ብድግ ብሎ አንዲት ክፉ ቃል እንዳይናገር ፈራሁ። ከዚያ አብልጬ የፈራሁት ግን አንዲትም ቃል ሳይናገር ተነስቶ እንዳይወጣ ነው። ልጄ ያንን ጀርባ ሁለተኛ ጊዜ ቢያየው የሚተርፍ አልመሰለኝም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ተነሳን። ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ባለው ማቆሚያ መኪናውን ካቆመ በኋላ እጁን ሰድዶ የፊት መሳቢያውን ከፈተ። ሽጉጡን እዚያ እንደሚያስቀምጥ ታውቂያለሽ። እትዬ፣ ልቤ ቆመ። ማበጠሪያ አወጣ። መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ያቺን የቀረችውን ፀጉሩን አበጠረና «እንሂድ» አለኝ።

በሩ ላይ የተቃውሞ ጽሑፍ ያነገቡ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ወጣት ዕድሜያችንን አይቶ መሰለኝ በትሕትና ጠጋ አለና «አባት፣ ወዴት እየገቡ እንደሆነ ያውቃሉ?» አለው። ቨርነን «ሲኒማ ቤት ነዋ። አንተ ምን መስሎህ ነው?» ብሎት አለፈ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እጅ ለእጅ የተያያዙ ጎረምሶች፣ ሽበታም ወንዶች፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ የተጫሙ፣ እንደ እኔ የእሑድ ቀሚሳቸውን የለበሱ ሴቶች አሉ። እንደ ሠርግ ቤት ይንጫጫሉ። መሐል ረድፍ ላይ ተቀመጥን። በቨርነን ቀኝ ሮዝ ሸሚዝ የለበሰ ወፍራም ሰው ከጓደኛው ጋር ፈንዲሻ ይበላል። እኔ በግራው ሆኜ ጉልበቱን እመለከታለሁ፤ ቨርነን ሲናደድ ጉልበቱ ነው የሚንቀጠቀጠው።

መብራት ጠፍቶ ያ ቧንቧ ሠሪ ግራጫ ሸሚዙን ለብሶ ብቅ ሲል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «የቱ ነው የላላው?» ብሎ ጮኸ። ለካ የመጀመሪያው ፊልም ላይ በየቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚናገራት ነገር ናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን ልንገርሽ! መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧው ይፈነዳል፣ ፎጣው ይወድቃል፣ የሐኪሙ እናት ቄሱን አስከትላ ትገባለች። ሰዉ ያፏጫል፣ እግሩን ይመታል። አንዷ ከኋላዬ «ወይኔ ጉዴ! ወይኔ ጉዴ!» እያለች ወንበሬን ትደበድባለች። አንዱ ከዳር ሆኖ «ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርጉት!» ሲል ጣራው ሊነሳ ደረሰ። እኔ ፊቴን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፍኜ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ በጎን በኩል አየሁ። ሁለት ሴትዮዎች «ይሄስ በዛ» እያሉ ወጡ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውም እያጉረመረመ ሲከተላቸው አንዱ «ክፍል ሦስት ላይ እንገናኝ!» አለውና እንደገና ሳቅ ሆነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀጣዩ ቨርነን ነው ብዬ እጁን ልይዝ እልና እፈራለሁ።

ይሄኔ ነው አንድ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰው ፊልሙ ላይ የመጣው። ሕዝቡ «ኡኡኡ!» አለ። ባለ ሮዝ ሸሚዙ ሰውዬ ጓደኛውን «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ጓደኛው በሳቅ ፈርሷል። ባሌ ዘንበል አለና «የሐኪሙ የድሮ ወዳጅ ነው። የመጀመሪያው ላይ መኪናውን ይዞበት የጠፋው» አለው።

እትዬ፣ ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ቀዘቀዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ጓደኛውን ትቶ ቨርነንን መጠየቅ ያዘ። «አባት፣ ያቺስ?» ሲለው «አክስቱ ናት፤ አትመናት» ይለዋል። ፈንዲሻውንም አቀበለው፣ ቨርነንም ዘገነ። አርባ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ከጎኔ ተቀምጦ የማላውቀውን ነገር ያውቃል። መቼ አየው? የት? ከማን ጋር? የፈራሁት ሁሉ ቀረና ስም የሌለው ሌላ ፍርሃት ገባብኝ።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ዌስሊ መድረክ ላይ ወጣ። ጢም አሳድጓል። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ «የመጀመሪያው ይሻላል፤ ይሄኛው ልብስ ማውለቅ አበዛ» አለ። ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ «እንዲያውም አነሰ!» ብሎ ጮኸበት። አንዲት ጎልማሳ ሴትም ተነሳችና ሕይወቷን ሙሉ እንደ እሷ ስላሉ ሰዎች የሚያወሩ ፊልሞች ላይ በመጨረሻው አንዱ ሲሞት እያየች እንደኖረች ተናገረች። «ማንም ሳይሞት መሳቅ እንደሚቻል ስላሳየኸን ተባረክ» አለችው። በየወንበሩ ዓይናቸውን የሚጠርጉ ወንዶች አየሁ።

ከዚያ የቨርነን እጅ ተነሳ። ልይዘው ሞከርኩ፤ ክንዱን አላገኘሁትም፣ ቆሟል። ድምፅ ማጉያውን ሰጡት። ዌስሊ መብራቱ ዓይኑ ላይ ስለሆነ አያየንም።

ቨርነን ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለ። «ይሄ ቧንቧ ሠሪ እህት አለችው፣ አክስት አለችው፣ ውሻ እንኳ አለው። በሁለቱም ፊልም ላይ አባቱ የለም። ሞቶ ነው?»

ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀም። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መብራቱን ከለለና ወደ እኛ ተመለከተ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አልሞተም» አለ ዌስሊ። «ምን እንደሚል ስላላወቅኩ ነው ያልጻፍኩት።»

«እሱም አያውቅ ይሆናል» አለና ቨርነን ተቀመጠ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄን ጫንኩበት።

ሰዉ ሲበተን ልጄ ወደ እኛ መጣ። እኔን አቅፎ አልቅሶ ከአባቱ ፊት ቆመ። ቨርነን እጁን ዘረጋለት። ተጨባበጡ፤ መለያየት ግን አልቻሉም፣ እንደተያያዙ ቆዩ። «ከስተሃል» አለው አባቱ። «አንተም ከስተሃል፣ አባዬ። በጣም» አለው ልጁ። ቨርነን «አረጀሁ፤ ሌላ ምን አለ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት። በየቀኑ የማየው ሰው፣ እትዬ! ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳው አዲስ ቀዳዳ አለ።

ወደ መኪናችን ስንመለስ የማቆሚያው ጠባቂ ከጥበቃ ክፍሉ ብቅ አለና እየሳቀ እጁን አነሳ። «ደህና ዋሉ አቶ ቨርነን! እሑድም መምጣት ጀመሩ እንዴ?» አለው። ቨርነን «ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ነው» ብሎት ሞተሩን አስነሳ።

ማቆሚያው የማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ያለውን ያንን ትልቅ ሕንጻ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ባልሽን በመጨረሻው ዓመቱ ለሕክምና ያመላለስሽበት ነው።

መንገድ ላይ ብዙ ከተጓዝን በኋላ «የመጀመሪያውን የት አየኸው?» አልኩት። «እዚያው። በልግ ላይ» አለኝ። «ዝናብ ነበር፤ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ፣ ጊዜው አልገፋ አለኝ። የዌስሊን ስም በሩ ላይ ሳየው ገባሁ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አስተናጋጇ ያበድኩ መስሏት መጥታ አየችኝ።» ምን ትጠብቅ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ሬዲዮኑን ከፈተው። ተውኩት። ፈሪ ነኝ፣ እህቴ፤ ታውቂኛለሽ። ካልጠየቅኩት ያልሆነ ይመስለኛል።

ትናንት ዌስሊ ደወለ፤ ስልኩን ቨርነን ራሱ አነሳው። እኔ ማዕድ ቤት ሆኜ የምሰማው የእሱን ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛው ክፍል ነበር ወሬው። አባት ልጽፍ ነው ብሎት መሰለኝ «ብቻ መላጣ እንዳታደርገው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊልሙ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀው። «ከሁለት ዓመት በኋላ» ብሎ ደገመው በቀስታ።

«ትንሽ ማፍጠን አይቻልም?» አለው።

እትዬ፣ ጉልበትሽ ከፈቀደልሽ ነይልኝ። ለማንም ምክንያት አትንገሪ፤ ናፍቄአት ነው በዪ። አልጋሽን አንጥፌአለሁ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ለእኛም ቀን ይጨምርልን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ