የእማማ ስንዱ ፍጥነት

እሑድ

አዲሱ አለቃ መጋዘኑ በር ላይ ቴሌቪዥን ሰቀለብን። ስማችን ከፈጣን እስከ ቀርፋፋ ተደርድሮ ይታያል። ከዖሜር፣ ከሀብታሞቹ ከተማ፣ በመኪናው እየመጣ እኛን መራመድ ያስተምረናል። ትእዛዙ በእጅ ማሽን ይመጣል፣ ዕቃውን ከመደርደሪያ እናነሳለን፣ ማሽኑ በየስማችን ይመዘግባል። ሳምንቱን መጨረሻ ሆኖ የዘለቀ ይሰናበታል አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው፣ ፈገግታው ይድረቅና።

መጨረሻዋ እማማ ስንዱ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጡረታቸው ሊደርስ ሲል ቢያባርራቸው ማን ይቀጥራቸዋል?

ሰኞ

ምሳ ላይ ተማከርን። አገራችን ጎንደር ቢሆን ደቦ ወጥተን ማሳቸውን እናርምላቸው ነበር። ታከለ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለ። ሁላችንም ካነሳነው ጥቂት ጥቂቱን ማሽኑ ላይ በእሳቸው ስም ልናስገባ ተስማማን። እማማ «ተዉ ልጆቼ፣ ጣጣ ታመጡብኛላችሁ» አሉ። ማን ሰምቷቸው።

ማክሰኞ

እማማ አንደኛ ወጡ።

ደቦ ላይ ማን ይቆጥራል? ሁሉም «ሌላው ይሰስት ይሆናል» እያለ አብዝቶ ሰጥቷል። እኔም ግማሹን ሰጥቻለሁ። ታከለ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አለቃው ይህን አይቶ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ረቡዕ

የፈራሁት ደረሰ። አለቃው በዕብራይስጥ «ኮል ሃካቮድ»፣ ጎበዝ እያለ አጨበጨበላቸው፣ ቸኮሌት ሰጣቸው፣ ከዚያ ወደ መጠጥ ክፍል አዛወራቸው። ከባዱ ቦታ ፈጣን ሰው ይፈልጋል አለ። የታሰረ የውሃ ጠርሙስ ከወለል እያነሱ ጋሪ ላይ መጫን ነው።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ሰውየውን ጠላሁት። ራሳችንንም ጠላሁ።

ሐሙስ

አለቃው ዘንድ ሄጄ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ዓይኑን ከታብሌቱ ሳይነቅል «ለእሷ የሚተርፍ ጊዜ ካላችሁ የቀን ኮታችሁ ትንሽ ነበር ማለት ነው» አለኝ። ከእሑድ ጀምሮ የሁላችንም ኮታ ይጨምራል። እማማን ወደ ድሮ መደርደሪያቸው መለሳቸው፤ የስንብቱን ነገር የሚቀጥለው ሳምንት ውጤት ይወስነዋል።

ታከለ «አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እማማ ወድቀው ቢሰበሩስ ምን ሊል ኖሯል?

ወደ ሰፈራችን ሽኩና ዩድ አሌፍ ስንመለስ እማማ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «እሑድ ለእኔ እንዳታነሺ፤ አንቺም ልጆች አሉሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ዋሽቼ ነው። በአዲሱ ኮታ ግን ለራሴስ እደርሳለሁ ወይ፣ እሱን አላውቅም።