ነጩ መኪና የአባትሽ ነው

እህት ዓለም፣

ስትነሺ የግቢውን በር የዘጋውን ነጭ መኪና አይተሽ እንዳትሳደቢ፤ የአባትሽ ነው። እኔ ግን የማዶው ክሊኒክ ታካሚዎች እንደ ልማዳቸው ገትረውት የሄዱ መስሎኝ፣ ደሜ ፈልቶ ሁለቱን የኋላ ጎማ አስተነፈስኩት።

ቀና ስል አባትሽ ዳቦ ይዘው ከሱቅ ሲመለሱ አየሁ። «ልጄ ዛሬም ሳታየኝ ለሥራ እንዳትወጣ ብዬ ነው በሩ ላይ ያቆምኩት» አሉኝ።

ጎማውን አላዩም። እኔም ሳልነግራቸው ወደ ቤት አስገባኋቸው።

አሁን ሳሎን ተቀምጠዋል። ጎሚስታ ልጠራ ሄጃለሁ። እስክመለስ በወሬ ያዢልኝ፤ ወደ መስኮቱ እንዳይጠጉ። ዛሬ እንኳ «ቸኮልኩ» እንዳትዪያቸው።

ከዳቦው ትልቁን ቆርሰው «አብረሻት እየኖርሽ ልጄን ስለምትጠብቂልኝ» ብለው ሰጡኝ።

አልዋጥልኝ ስላለ ከዚህ ወረቀት ጋር ትቼልሻለሁ።