ስፒከሩ በምሥራቅ በኩል

ሞላሌ፣ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ቄስ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቶባቸዋል። የእሑዱን ቅዳሴ በቴፕ ቀዳሁላቸው። ቴፑ የሚሠራበት የመኪና ባትሪ ሽታ ስለሚያስላቸው ቴፑን እኔ ክፍል ትቼ፣ ስፒከሩን ብቻ በሽቦ ወደ እሳቸው ላደርስ አሰብኩ።

ሰፈራችን ባለው ሱቅ ሁለት ዓይነት ሽቦ ነበር፤ አንዱ ወፍራምና አጭር፣ ሌላው ቀጭንና ረጅም። ጆሯቸው ደክሟልና ድምፁ ይጥራላቸው ብዬ ወፍራሙን መረጥኩ። የደረሰው ግን እስከ አልጋቸው ግርጌ ብቻ ነው፣ በምዕራብ በኩል። ቅዳሴው ሲጀመር አባባ ፊታቸውን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዞሩ።

«ልጄ፣ መቅደሱን ከኋላዬ አደረግኸው እኮ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

የቄስ ልጅ ሆኜ እንዴት ይህን እረሳለሁ! ሮጬ ሄጄ ቀጭኑን አመጣሁና ስፒከሩን በምሥራቅ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ድምፁ ሳሳ፤ አልፎ አልፎም ይቆራረጣል።

«ይሰማዎታል አባባ?»

ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ ሕዝቡን ሲያስነሣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደግፌ አቆምኳቸው።

እንዲህ መቅለላቸውን አላውቅም ነበር።