ወንድሜን የያዘው ማልያ

ይድረስ በባሕር ማዶ ለሚገኘው ታላቅ የራግቢ ፌዴሬሽን ሊቀመንበር
ከኮሎቫይ መንደር፣ ቶንጋ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ምን ሰነበተ? ባለፈው ወር በኑኩአሎፋ ስታዲየም የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳይዎት ፊትዎ ወዝ ነበረው፤ ፈጣሪ ይጨምርልዎ። እኛ የኬሌፒ ሐውሲያ ቤተሰቦችም ቦዬአችንን እየተከልን፣ ዓሣችንን እያጠመድን፣ እርስዎ ካስቀሩን ቦታ ሳንነቃነቅ በደህና እንገኛለን። እኔ ታላቅ እህቱ ሴሉቪያ ነኝ። በአገራችን እህት ስትናገር ወንድም ዝም ይላልና እሱ በጨዋነት ያላለውን እኔ እንድልለት ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስላከበሩት ላመሰግንዎ። ወንድሜ ሁለቱ ቡድኖች ጎንበስ ብለው ትከሻ ለትከሻ በሚገፋፉበት የራግቢ ግፊያ የፊት መስመር መሀል ገብቶ፣ ሁለት ክንዶቹን በግራና በቀኝ ጓደኞቹ ትከሻ ላይ አቆላልፎ ኳሷን በእግሩ የሚጠልፍ ተጫዋች ነው። እጁ ተይዞ መሥራት የለመደ ሰው መሆኑን ከሁላችንም ቀድመው ያስተዋሉት እርስዎ ነዎት። በአገርዎ ክለብ ሲጫወት ሳለ ለብሔራዊ ቡድንዎ ጠሩት፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ውጤቱ ከታወቀና ሰዉ ወደየመኪናው መሄድ ከጀመረ በኋላ አስገቡት። አንድ ግፊያ ገፋ፣ አንድ ኳስ ከመስመር ወረወረ፣ ፊሽካ ተነፋ። እናታችን ስሙን በሬዲዮ ሰምታ አለቀሰች፤ መንደሩም አሳማ ጠበሰ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠሩትም፤ ኋላም ወደ መንደራችን ተመለሰ።

ወንድሜ ግን ሊገባ ጫማውን ሲያስር አሠልጣኝዎ ለረዳቱ ያለውን ሰምቶ ነበር፤ “አስገባው ባክህ፤ ባይጠቅመን እንኳ ቶንጋዎች አይወስዱትም።” ይህን ለዓመታት ለማንም አልተነፈሰም። የአንድን አገር ማልያ አንዴ የለበሰ የሌላ አገር እንደማይለብስ እኛ ያን ጊዜ አናውቅም ነበር፤ እርስዎ ግን ያውቁ ነበርና ለዕውቀትዎ ያለኝ አድናቆት የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ መልስዎ ስለመፍጠኑ። ቡድንዎ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ እኛ ሊመጣ ሲል ከሁለቱ ጠላፊዎቻችን የአንዱ ጉልበት በልምምድ ላይ ወለቀ። አሠልጣኛችን ፌሌቲ፣ የአባታችን ወዳጅ፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና “አንተ ልጅ፣ ጫማህ አለ?” አለው።

“ጫማው አለ አጎቴ፤ የሌለሁት እኔ ነኝ” አለ ኬሌፒ። የሰማውን ሁሉ የተናገረው ያን ቀን ነው።

ፌሌቲ የተቀዳለትን የካቫ መጠጥ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ ለዓለም አቀፉ አካል ይግባኝ ስንል የሚደግፈን አንድ መስመር እንዲጽፉልንም ለመነዎት። መልስዎ በማግስቱ ደረሰ፤ “ሕግ ሕግ ነው፤ መልካም ዕድል።” ምኞትዎን በምስጋና ተቀብለናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ድልዎ። በጨዋታው ዕለት ወንድሜ ሣር በለበሰው ተዳፋት ላይ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጠ፤ እኔም እህትና ወንድም አይጠጋጉም በሚለው ደንባችን ከእሱ ፈንጠር ብዬ። እስከ ዕረፍት ልጆቻችን ልጆችዎን በግፊያ እንደ ጋሪ ሲነዷቸው፣ በነጥብም ሲመሩ አይተዋል። ከዕረፍት መልስ የቀረን ብቸኛ ጠላፊ ትከሻው ወልቆ ወጣ። ለቦታው የሠለጠነ ሌላ ሰው ስላልነበረን ዳኛው መገፋፋት እንዲቀር አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በየጊዜው ተደጋግፈው ብቻ ቆሙ። ጉልበታችን የነበረው እዚያው ነበርና ተሸነፍን።

ከኬሌፒ ኋላ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ “ምን ተጎልተሃል? ውረድና ግባ እንጂ፤ ለመሆኑ የማን ነህ አንተ?” አለው። ሰዉ ሳቀ።

ወንድሜ ዘወር ሳይል “እኔም እሱን ነው የምጠይቀው” አለ። ክንዶቹ የጎረቤቶቹን ትከሻ ሊይዙ እንደሚሹ ብድግ ሲሉ አየሁ፤ መልሶ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተታቸው። ደንባችን ነውና ሄጄ ላቅፈው አልቻልኩም።

ጨዋታው እንዳለቀ እርስዎ ወርደው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው “ምንጊዜም የእኛ ልጅ ነህ” አሉት። እሱም “አመሰግናለሁ ክቡር” አለዎ። አስተዳደጉ ነው። እኔም ያደግኩት እዚያው ቤት ስለሆነ ይኸው በዚህ ሁሉ ትሕትና እጽፍልዎታለሁ።

በዚህ ሳምንት ቡድናችን ወደ ዓለም ዋንጫ ተሸኘ። ኬሌፒ የጓደኞቹን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሄደ፤ ከበሩም ተመለሰ። አንገቱ እያመመው ነው፤ የሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ እስኪመጣ ዕድሜው አይጠብቀውም። ስለዚህ የምለምንዎ ነገር የለም።

ለአንድ ግፊያ ተውሰው ለዘላለም ያስቀሩት ሰው እህት፣ ከማያልቅ አክብሮትና ከማይደበዝዝ ትዝታ ጋር፣

ሴሉቪያ ሐውሲያ

ሳልረሳው፦ መልማይዎ ትከሻቸው የሰፋ ልጆችን ሊመርጥ በቅርቡ ኮሎቫይ እንደሚመጣ ሰምተናል። ስለ ማረፊያ አያስብ፤ እኛ ቤት ያርፋል። ቋንቋችንን ስለማያውቅም ኬሌፒ ራሱ ከቤት ቤት ይዞት እየዞረ ለልጆቹ እናቶች ያስተረጉምለታል። ወንድሜ ሲያስተረጉም ከተባለው አንዲት ቃል አይቀንስም፤ ያኔ ለእኛ ያልተባለውን ግን ይጨምራል።